ለመንገደኛው የተያዘ ቦታ

ባለፈው ሰሞን ከካዛንቺስ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ቂርቆስ ስወርድ አጠገቤ የተቀመጠች ወጣት ስልክ ታወራ ነበር። ወሬው ስለ ሰርግ ነው፤ ስለ ሚዜ ቀሚስ። ገና ሳንነሳ የጀመረችው መስቀል አደባባይን ስናልፍም አላለቀላትም። ከቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በታች ወዳለችው ኩርባ ስንቃረብ ሳላስበው ትንፋሼን ዋጥ አደረግሁ። «ሮዝ አይሆንም አልኩሽ እኮ! በቃ፣ ሮዝ የሚባል ነገር እንዳላይ!» አለች ልጅቷ። ኩርባዋን አለፍን። ስልኩ አልተቆረጠም፤ ልጅቷም እየሳቀች ወሬዋን ቀጠለች። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ሲል አልሰማሁትም መሰለኝ፣ መውረጃዬን አልፌ ቄራ ድረስ ሄድኩ። እዚያች ኩርባ ላይ ንግግር እንዳይቆረጥ ስንት ወር እንደለፋሁ፣ ለዚያ ሲባልም ምን እንዳደረግሁ ለልጅቷ ብነግራት ኖሮ ምን ትለኝ ነበር? ምናልባት ለሚዜዎቹ ቀሚስ ቀለም እንድመርጥላት ትጠይቀኝ ይሆናል።

የዛሬ ልጆች አያምኑኝም እንጂ ስልክ በአንድ ወቅት ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ነገር ነበር። ያደግሁት ካዛንቺስ፣ ጣሊያን ከሠራቸው ቤቶች ጀርባ በነበረች ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። በሰፈራችን የቤት ስልክ የነበራቸው አንዲት የመንግሥት ሠራተኛ ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ስልኩን ዳንቴል አልብሰው፣ መደወያውን በትንሽ ቁልፍ ይቆልፉት ነበር። የቀረነው ሳንቲም ጨብጠን መንገድ ዳር ካለው የሕዝብ ስልክ ፊት እንቆማለን። ከኋላ ያለው ሰው ጉሮሮውን ሲጠራርግ ወሬ እናሳጥራለን። ከካዛንቺስ ሜክሲኮ የታክሲ ሂሳብ በሳንቲም የሚከፈልበት፣ ማኪያቶ ከብር ብዙም የማይዘልበት ጊዜ ነበር። ተመርቄ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን እኛ ሴቶቹ ትከሻው በስፖንጅ ያበጠ ኮት እንለብሳለን፤ የወንዶቹ ሱሪ ከወገቡ እጥፍ እጥፍ ያለ፣ ሁለት ሰው የሚያስገባ ነበር። ከቢሮ ወጥቼ ወደ ቤት ስሄድ ከካሴት ቤቶቹ የሚወጣው ዘፈን እስከ በራችን ድረስ ይሸኘኛል። ያ መንገድ ዛሬ መስታወት በመስታወት ሆኗል። የቀበሌው ቤት የቱ ጋ እንደነበር ለማወቅ ከመብራት ምሰሶው ተነስቼ እርምጃ መቁጠር ነበረብኝ፤ ምሰሶውም በኋላ ተነቀለ።

ከዚያ ሞባይል መጣ። መጀመሪያ የሆቴሎቹ ደንበኞች በቆዳ ማኅደር አድርገው ቀበቷቸው ላይ አንጠለጠሉት። ቆይቶ ሁላችንም ያዝን። ከተማው በሙሉ «ሄሎ? ይሰማል? ሄሎ!» የሚል ጩኸት ሆነ። ሰው ኔትወርክ ፍለጋ በረንዳ ይወጣል፣ ወንበር ላይ ይቆማል፣ ካርድ ፍቆ ሳይደውልበት ይውላል። እኔ በዚያን ጊዜ ለኔትወርክ ሥራ በተዋዋለ አንድ ኩባንያ ውስጥ ከነበሩት ጥቂት ሴት መሐንዲሶች አንዷ ነበርኩ። ሥራዬ ሲነግሩት ቀላል ይመስላል፤ ሰው እየተንቀሳቀሰ ሲያወራ ስልኩ እንዳይቆረጥበት ማድረግ ነው። ከካዛንቺስ በመኪና የሚነሳ ሰው አንድ ጣሪያ ላይ በተተከለ አንቴና ማውራት ይጀምራል። እየራቀ ሲሄድ የሚቀጥለው አንቴና ንግግሩን ሳያቋርጥ መረከብ አለበት። ተረካቢው ቦታ ከሌለው ንግግሩ እዚያው ይቀራል። አንድ አንቴና በአንድ ጊዜ የሚያስተናግደው ሰው የተወሰነ ስለሆነ፣ ለመጪው መንገደኛ ጥቂት ቦታ ባዶ ይያዝለታል። የተያዘው ቦታ ሲበዛ መንገደኛው እያወራ ያልፋል። እዚያው የሚኖረው፣ ከቤቱ ሆኖ አዲስ ጥሪ መጀመር የሚፈልገው ሰው ግን ያን ያህል ይጎድልበታል። ቦታ ባዶ ተቀምጦ እያለ እሱ ኔትወርክ ተጨናንቋል ይባላል። ስንት ቦታ እንደሚያዝ ኮምፒውተሩ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

ጥራቱን የምንለካው በመኪና እየዞርን ነው። የፒክአፓችን ሹፌር ጋሽ ወርቁ ይባላሉ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ክረምት ከበጋ ቡናማ ሹራባቸውን የማያወልቁ፣ ተወልደው ያደጉትም የሚኖሩትም ቂርቆስ የሆነ ሰው ናቸው። እኔ ከኋላ ላፕቶፑን ጭኔ ላይ አድርጌ እቀመጣለሁ። አጠገቤ ያሉት አራት ስልኮች ካዛንቺስ ላይ በራሳቸው ይደውሉና እስከ መንገዱ መጨረሻ ሳይዘጉ ይሄዳሉ። ስክሪኑ ላይ ያለፍንበት መንገድ በነጠብጣብ ይሞላል፤ ደህና ከሆነ አረንጓዴ፣ ከተቆረጠ ቀይ። ጋሽ ወርቁ ምህንድስና አልተማሩም፤ ግን ላፕቶፑ ሳያውቅ እሳቸው ያውቁ ነበር።

«ቀይ ሊመጣልሽ ነው፣ ተዘጋጂ» ይሉኛል ኩርባዋ ጋ ሳንደርስ።

«እንዴት አወቁ ጋሼ?»

«ሰፈሬ አይደል እንዴ? አበበችን እያወራኋት ሁልጊዜ እዚህ ጋ ነው የማጣት።»

አበበች ሚስታቸው ናቸው። እኔ እትዬ አበበች እላቸው ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ቅያስ ውስጥ ነበር ቤታቸው። ሥራ ወደዚያ ካዞረን ምሳ እዚያ ነው፤ እንቢ ብል አይሰሙኝም። ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ሲስቁ ትንፋሽ የሚያጥራቸው ሴት ነበሩ። አስም ነበረባቸው። ብቸኛ ልጃቸው ሰላም ሐዋሳ ለትምህርት ከሄደች በኋላ ቀን ቀን ብቻቸውን ስለሚውሉ ጋሽ ወርቁ ትንሽ ሞባይል ገዙላቸውና አንድ ቁልፍ ረዘም አድርገው ሲጫኑ የእሳቸው ስልክ እንዲጠራ አስደረጉላቸው። ያደረግሁላቸው እኔ ነኝ። «እንዲህ ከሆነማ እንደ በር ደወል ነው» አሉኝ እትዬ አበበች። ከዚያ በኋላ በቀን ሦስት አራት ጊዜ የጋሽ ወርቁ የሸሚዝ ኪስ ይጠራል። «ሽንኩርት እንዳትረሳ።» «ዝናብ መጣ፣ ሹራብህን ለብሰሃል?» ጋሽ ወርቁም «መቼ አውልቄው አውቃለሁ?» ይሉና ይዘጋሉ፤ በመስታወቱ ወደ ኋላ እያዩኝም ይስቃሉ።

በዚያ ዓመት የቦሌ መንገድ ተቆፍሮ መኪናው ሁሉ በቂርቆስ በኩል ይዞር ነበር። ካዛንቺስ ሆቴሎች ውስጥ ትልልቅ እንግዶች ያርፋሉ ተባለ። መንገዱ ዳር አበባ ተተከለ፤ አጥር በቆርቆሮ ተሸፈነ፤ ቆርቆሮውም ቀለም ተቀባ። አለቃችን ቢሮው ጠራኝ።

«አስቴር፣ ከካዛንቺስ እስከ ኤርፖርት አንድም ጥሪ እንዳይቆረጥ። አንድም! ዜሮ ነው የምፈልገው።»

«የቂርቆሷ ኩርባ ላይ ተጨማሪ መሣሪያ ካልተተከለ አስቸጋሪ ነው» አልኩት።

«መሣሪያው አልደረሰም። ባለው አድርጊው።»

«ባለው ከሆነ ለመንገደኛ የሚያዘውን ቦታ ከፍ ማድረግ ነው። ከዚያ ግን የሰፈሩ ሰው፣ ማለቴ በተለይ በሥራ መውጫ ሰዓት፣ መደወል ያቅተዋል።»

«ለጥቂት ቀን አይደል? እምቢ ካለው ደግሞ ይሞክራል። የለመደው ነው።»

የለመደው ነው። ይህችን ቃል ያልረሳኋት ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ ስሰማት እውነቱን ነው ብዬ ስለተቀበልኳት ነው። እኔም የካዛንቺስ ልጅ ነኝ፤ ሰልፍ ለምጄ ያደግሁ። ወደ ጠረጴዛዬ ተመልሼ ከቂርቆሱ አንቴና ከየሦስቱ ቦታ አንዱ ለመንገደኛ እንዲያዝ አደረግሁ። ቁጥሩን ለመጻፍ የፈጀብኝ ጊዜ የጫማ ክር ከማሰር አይበልጥም ነበር። ቡና ጠጥቼ ወደ ሌላ ሥራ ገባሁ።

በሦስተኛው ቀን ውጤቱን ልንለካ ወጣን። ሐሙስ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ጋሽ ወርቁ ካዛንቺስ አንድ ፋርማሲ ደጃፍ አቁመው ወረዱና ትንሽ የመድኃኒት ካርቶን ይዘው ተመለሱ።

«የአበበች ፓፍ ነው፤ ያ የምትስበው። ጠዋት ልወጣ ስል ሊያልቅ ነው አለችኝ» አሉና ከፊታቸው መስታወቱ ሥር አስቀመጡት።

መለኪያው የሚጀመረው ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ፣ መንገዱም ኔትወርኩም ሲጨናነቅ ነው። አራት ዙር ነበር የታዘዝነው። በመጀመሪያው ዙር ኩርባዋ ላይ አረንጓዴ መጣ። አጋጣሚ ነው አልኩ። ሁለተኛውም አረንጓዴ። ሦስተኛውን ስንጨርስ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ዜሮ!» አልኩ። ጋሽ ወርቁ መብራት ላይ ቆመን ነበርና ዞረው ስክሪኑን አዩ።

«ይቺ ኩርባ? አረንጓዴ? ሥራሽን ሠራሽ በይኛ!» አሉ። ከልባቸው ነበር ደስ ያላቸው። ከዚያ ወደ ካርቶኑ እያዩ፣ «እግረ መንገዴን ይቺን ላድርስላት? አምስት ደቂቃ ነው» አሉኝ።

«አንድ ዙር እኮ ነው የቀረን ጋሼ። መሃል ላይ ከቆምን እንደ አዲስ ልንጀምር ነው። ጨርሰን አብረን እናደርስላቸዋለን።»

«እሺ ልጄ» አሉ። ማርሽ አስገቡ።

አራተኛውን ዙር ዞርን። እሱም ዜሮ ሆነ። ቅያሱ ጋ ስንደርስ ሰው በራቸው ላይ ተሰብስቧል። ነጠላዋን ያዘቀዘቀች አንዲት ጎረቤት መኪናውን ስታይ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ አደረገች። ጋሽ ወርቁ ሞተሩን ሳያጠፉ ወረዱ። እትዬ አበበችን ከአንድ ሰዓት በፊት ትንፋሽ አጥሯቸው ጎረቤቶች ተሸክመው ወደ አስፋልቱ አውጥተዋቸው ነበር። መንገዱ በመኪና ተዘግቶ ላዳ ለማግኘት ብዙ ቆሙ። የተገኘው ላዳ ሐኪም ቤት ሳይደርስ አልፈዋል። እኛ በዚያ አስፋልት ላይ በዚያ አንድ ሰዓት ውስጥ በመሄጃና በመመለሻ ሁለት ጊዜ አልፈናል። በመኪናውና በሰው ግርግር መሃል አላየናቸውም።

«ስንደውልልህ ስንደውልልህ…» አለች ጎረቤቷ ለጋሽ ወርቁ እያለቀሰች። «ተጨናንቋል ይላል። በኔም ሞከርኩ፣ በሷም ሞከርኩ። እሷ ራሷ አሥራ አራት ጊዜ ደውላለች፤ ይኸውልህ እየው።»

ጋሽ ወርቁ ትንሿን ሞባይል ተቀብለው አዩ። አሥራ አራቱም የእሳቸው ስም ነው። እኔ ከኋላቸው ቆሜ አብሬ አየሁ። የመጀመሪያው የተደወለበት ሰዓት እኔ «ዜሮ!» ካልኩበት ሰዓት ብዙም አይርቅም።

ለቅሶው ላይ ሦስቱንም ቀን ተቀመጥኩ። ሰላም ከሐዋሳ መጥታ ስትወድቅ ከያዟት ሴቶች አንዷ እኔ ነበርኩ። በሁለተኛው ቀን ጋሽ ወርቁ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ዓይናቸው አብጧል። ፓፉን ሳናደርስ በመቅረታችን ራሴን እየበላሁ መሆኔን አውቀው ኖሯል።

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ ልጄ» አሉኝ። «ሥራ ነው ያልሽው። ቆሜ ማድረስ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ይሄን ከልብሽ አውጪው።»

ራሴን ነቀነቅሁ። ለትንሹ ጥፋቴ ሲያጽናኑኝ ዝም ብዬ ተጽናናሁ። ትልቁን አላወቁትም።

«ግን ቆይ አስቴር» አሉ። «የኛ ስልኮች እኮ እዚያው መንገድ ላይ ሳይቆረጡ ሲያወሩ ነበር። የሷ ለምን እምቢ አላት?»

«ኔትወርክ ነዋ ጋሼ» አልኳቸው።

«አይ ኔትወርክ» አሉ፣ እንደማንኛውም ሰው።

ከዚያ በኋላም ሁለት ዓመት አብረን ሠራን። ኩርባዋ ጋ ስንደርስ ስለ ቀይና ስለ አረንጓዴ መናገር ተዉ። የሸሚዝ ኪሳቸው አልፎ አልፎ ብቻ ይጠራል፤ ሰላም ናት። መኪናው ውስጥ ያጫውቱት የነበረውን ካሴትም አቆሙት። አዲሱ መሣሪያ መጥቶ ተተከለ፤ ቦታውም በዛ፤ የሰፈሩም ሰው የሚያልፈውም ሰው እኩል ማውራት ጀመረ። አለቃችን ሌላ ትልቅ ቦታ ሄደ። ለእኔም የምስክር ወረቀት ተሰጠኝ፤ ልብስ ሳጥን ውስጥ ከአሮጌ ቀሚሶች ሥር አኖርኩት። የቅያሱ ቤቶች ለልማት ሲፈርሱ ጋሽ ወርቁ ጡረታ ወጥተው ሰላም ወደተከራየችበት ቄራ ገቡ። በዓል በመጣ ቁጥር እደውላለሁ፤ «አለሁ ልጄ፣ እግዜር ይመስገን» ይሉኛል። እኔም ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ሰው ሲያረጅ የሚረሳ መስሎኝ ነበር። ይባስ ብሎ ሌላው ሁሉ እየደበዘዘ ያ ሐሙስ ብቻ ጥርት ብሎ ቀረ።

እኔም ጡረታ በወጣሁ ዓመት አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ተነስቼ ቄራ ሄድኩ። ጋሽ ወርቁ ከበሩ ውጭ ፀሐይ ላይ፣ ያንኑ ቡናማ ሹራብ ወይም የሱን ታናሽ ወንድም ለብሰው ተቀምጠው ነበር። ከስተዋል። ሰላም ሥራ ላይ ናት። ሻይ ቀዱልኝ። ሻዩን ሳልነካው ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የአለቃዬን ትእዛዝ፣ ቁጥሩን፣ ለምን እንደጻፍኩት። መዳፋቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«ማለት… ቦታ ነበር?» አሉ ስጨርስ።

«ነበር።»

«ባዶ?»

«ባዶ። በመንገዱ ለሚያልፍ ሰው የተያዘ።»

«እኛ ነበርን እኮ የምናልፈው።»

«አዎ ጋሼ።»

በሩቅ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ድምፅ ይሰማል።

«ታዲያ ቁጥሩን መቼ መለስሽው?»

ይህን ይጠይቁኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ለሌላው ሁሉ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ ለእንባ፣ ለቁጣ፣ እግራቸው ላይ ለመውደቅ።

«እንግዶቹ ሲሄዱ» አልኩ።

«ስንት ቀን ቆየ?»

«አሥራ አንድ ቀን። ከእትዬ አበበች በኋላ… ስምንት ቀን።»

«ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ስትቀመጪ አልመለስሽውም ነበር?»

«አልመለስኩትም ነበር።»

ለምን እንዳልመለስኩት አልጠየቁኝም። ከለቅሶ ወጥቼ ቢሮ ስገባ ኮምፒውተሩ ፊቴ ነበር፤ አለቃዬ እንግዶቹ ሳይሄዱ ምንም እንዳይነካ ብሏል፤ አልነካሁም። በእነዚያ ስምንት ቀናት ከዚያ ሰፈር ማን ማንን ሊጠራ ሞክሮ እንዳቃተው አላውቅም። ማወቅ እችል ነበር፣ መዝገቡ ነበረ። አልከፈትኩትም።

ጋሽ ወርቁ የሻዩን ብርጭቆ ከፊቴ አነሱ።

«በይ ሂጂ ልጄ፣ ታክሲ ይጠፋብሻል» አሉ።

ገና ዘጠኝ ሰዓት ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ስደውል አያነሱም። ስልካቸው ይጠራል፤ ጥርት ብሎ፣ እስኪያልቅ ይጠራል። በእንቁጣጣሽ ደወልኩ፣ በገና ደወልኩ። ለፋሲካ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ልተወው ስል ሰላም አነሳችው።

«ሄሎ? እትዬ አስቴር! እንዴት ነዎት? ጠፉብን እኮ!»

«አለሁ ሰላምዬ፣ እንኳን አደረሳችሁ። ጋሼ አሉ?»

«አለ፣ እዚሁ ነው፣ ላቅርብልዎት።» ከስልኩ ራቅ አለች። «አባዬ፣ እትዬ አስቴር ናቸው። እንካ።»

ቤቱ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይሰማኝ ነበር። ቴሌቪዥኑ ይሰማኛል፤ ሳህን የሚያስቀምጥ ሰው ይሰማኛል፤ የጋሽ ወርቁ ሳል ይሰማኛል። ጠበቅሁ።

«ደህና ነኝ በያት» አሉ ጋሽ ወርቁ።

ሰላም ተመለሰች። «ደህና ነኝ ይላል እትዬ… ማለቴ፣ ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ…»

«ሰምቻለሁ የኔ ልጅ» አልኳት።

«ምነው እትዬ?» አለች ግራ ገብቷት። አባቷ እንዳልነገሯት ያኔ ገባኝ። ስልኩን ቀድሜ ዘጋሁት።